ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ላላችሁ፦ እያስጨፈሩ የሚለኩ ልብስ ሰፊ አሉን

ሰላም ጎረቤቶች። ይህን ለመጻፍ ካሰብኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ድካሙ ይውጣልኝ ብዬ ነው የቆየሁት። አሁን የወጣልኝ መሰለኝ።

አንዳንዶቻችሁ አዳራሽ ድረስ መጥታችሁ አይታችሁናል። ለማታውቁን፣ እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የተሰባሰብን የቲያትር ወዳጆች ነን። አንዳችንም በዚህ እንጀራ አንበላም። ባጃጅ የሚነዳ አለ፣ ነርስ አለች፣ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ፣ እኔ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ዘንድሮ ድፍረት መጣብንና ሙዚቃዊ ቲያትር እንሥራ አልን። ፈረንጆቹ ጁክቦክስ የሚሉትን ዓይነት። አዲስ ዘፈን አይደረስለትም፤ ሰው የሚያውቃቸው ዘፈኖች ተሰብስበው በአንድ ታሪክ ይያያዛሉ። ስሙ የመጣው ሳንቲም ሲከቱበት የመረጡትን ሸክላ ከሚያጫውተው ሳጥን ነው። የእኛው የሁለት ፍቅረኞች ታሪክ ነው። ከ1953 ይነሳና ደርግ ሰዓት እላፊ አውጆ የአዲስ አበባን ሌሊት እስከዘጋበት ድረስ ይሄዳል። የጥላሁን፣ የብዙነሽ፣ የማህሙድ፣ የአለማየሁ እሸቴ ዘፈኖች አሉበት። ዳይሬክተራችን ደግሞ "ልብሱ ካላብረቀረቀ አልሠራም" ብሎ ማለ።

11 ሰው፣ 24 ልብስ። ኃላፊዋ እኔ።

መጀመሪያ የሄድኩት መሃል ከተማ ስም ካለው ቤት ነው። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ለቲያትር ነው ስላቸው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ግማሹን ቀብድ ተቀበሉ። ከዚያ "ነገ ነይ"። ነገ ስሄድ "መብራት ጠፍቶ"። ከነገ ወዲያ "ልጁ አሞት"። ከዚህ መሃል ከተማ ድረስ ታክሲ ተሰልፎ መመላለስ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። በመጨረሻ ሰባት ሱሪ ሰጡኝ፤ ሦስቱ ከጉልበት አላልፍ አሉ። "ልጆቹ ወፍረው ነው" አሉኝ! በዚህ ኑሮ፣ በሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሰው ወፍሮ! የቀረውን ቀብድ እስከዛሬ አላየሁትም። ሁለተኛው ልብስ ያከራያል የተባለ ሰው ነበር። ያመጣልንን ቀሚሶች ነርሷ አሸተተቻቸውና "ይሄ ቆዳዬን አይነካም" ብላ መለሰች። ሦስተኛው ስልኩን ዘጋብኝ። ትርኢቱ 12 ቀን ሲቀረው ወጥ ቤት ገብቼ ሽንኩርት እየከተፍኩ አለቀስኩ። ልጆቼ በሽንኩርቱ ነው ብለው አለፉኝ።

ጋሼን የጠቆመን ባጃጅ ነጂው ልጃችን ነው። ስሜን አትጻፊ ስላሉኝ ጋሼ ብቻ እላለሁ። የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ የቆርቆሮ ሱቅ አለቻቸው። አንድ የእግር ሲንጀር፣ አንድ የከሰል ካውያ፣ አንድ ዱካ። በቃ ይኸው ነው። እውነት ለመናገር ሳየው ልቤ ወረደ።

ስልኬን አውጥቼ ከኢንተርኔት የሰበሰብኩትን ፎቶ ላሳያቸው ስል እጄን መለስ አደረጉት። "የፈረንጅ አታሳዪኝ ልጄ። እቤትሽ የድሮ ፎቶ የለም?" አሉኝ። አለ። የአባቴ። ነፍሱን ይማረውና ጎፈሬውን አበጥሮ፣ ቤልቦተሙን ለብሶ፣ አንድ እግሩን ድንጋይ ላይ አውጥቶ የተነሳው። በልጅነቴ ባየሁት ቁጥር እስቅበት ነበር። በማግስቱ አመጣሁላቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና ፎቶውን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ሱሪውን አዩት። አባቴን ሳይሆን ሱሪውን። ከዚያ "ይሄ የፒያሳ እጅ ነው" አሉ። እሳቸውም ሙያውን የለመዱት እዚያው ፒያሳ ነው፤ በ13 ዓመታቸው ካውያ እያራገቡ ጀምረው።

የትዕይንቶቹን ዝርዝር ሳነብላቸው አስቆሙኝ። "1953 ላይ ቤልቦተም ምን ይሠራል? ያኔ ጠባብ ሱሪ ነው። ቤልቦተም በኋላ ነው የመጣው።" ዳይሬክተራችን በስልክ ሊከራከር ሞከረ። ተሸነፈ።

ልክ ሲወስዱ ግን ማየት ነበረባችሁ። ባጃጅ ነጂው ደረቱን ነፍቶ ቆመላቸው። "ምን ትገተራለህ? ጨፍር" አሉት። እዚህ ጠባብ ሱቅ ውስጥ? "መድረክ ላይ ቆመህ ነው የምትውለው?" ልጁ እያፈረ እስክስታውን ጀመረ። ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ዝም ብለው ትከሻውን አዩ። በሳሙና ቁራጭ ጨርቁ ላይ ሁለት ጊዜ ጫር ጫር አደረጉ። ብብቱ ስር አንድ ነገር ቀጠሉበት። አስረድተውኛል፤ እኔም ገባኝ ብዬ ራሴን ነቅንቄያለሁ፤ አልገባኝም። ብቻ ልጁ እጁን ወደ ላይ ሲወረውር ሸሚዙ ከቀበቶው ንቅንቅ አላለም። 11ዱንም እንደዚሁ እያስጨፈሩ ለኩ። ጡረተኛውን መምህር ሳይቀር! መንገደኛው ሁሉ በር ላይ ቆሞ ያጨበጭብ ነበር።

በ9 ቀን ጨረሱ። ሂሳቡ መሃል ከተማ ከተጠየቅኩት ግማሽ አይሞላም።

የትርኢቱ ቀን ማንም ሳይጠራቸው መጡ። መርፌዎች ኮታቸው ደረት ላይ ሰክተው ከመጋረጃው ጀርባ ተቀመጡ። ደግነቱ! ከዚያ ስም ካለው ቤት ከተረፉት ሱሪዎች አንዱ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ከኋላ ተተረተረ። ልጁን እንደቆመ ሰፍተው መልሰው ገፉት። ታዳሚው ምንም አላወቀም። የእሳቸው ልብስ ግን አንድም ክር አልተመዘዘበትም።

መጨረሻው ትዕይንት ላይ ባጃጅ ነጂያችን ጎፈሬውን አድርጎ፣ ቡናማ ቤልቦተሙን ለብሶ ሲወጣ እናቴ ከሁለተኛው ረድፍ ብድግ አለች። "አንቺ! የአባትሽ ሱሪ!" አለች፤ ሰው ሁሉ ሰማት። ከዚያ በኋላ ያለውን ዘፈን እኔም በደንብ አልሰማሁትም።

ሲያልቅ ጋሼን እንዴት ነበር አልኳቸው። "ጥሩ ሄዷል" አሉ። ዘፈኑን ማለትዎ ነው? "ኧረ ሱሪውን።"

ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልን። እጅዎ ይባረክ። ይህን ልጅዎ እንደሚያነብልዎት አውቃለሁ።

እናንተ ደግሞ እባካችሁ ሂዱላቸው። ሰርግ ያላችሁ፣ ዩኒፎርም የምታሰፉ፣ ኮት የጠበባችሁ፣ መሃል ከተማ ድረስ አትንከራተቱ። እደግመዋለሁ፣ አትንከራተቱ። አድራሻቸውን የፈለገ በውስጥ ይጻፍልኝ። ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ሰው ይበዛባቸዋል። ቀብድ ልስጥ እንዳትሏቸው ብቻ፤ ይቆጣሉ።