ሦስተኛ ማብሪያ ከመግዛቴ በፊት የደረስኩበት የመኪና ኤሌክትሪሻን

ደብረ ብርሃን፣ አንኮበር መውጫ፣ ጎማ ጠጋኞቹን አለፍ ስትሉ በግራ በኩል ቀለሙ የተላጠ ሰማያዊ ኮንቴይነር አለ። ታፔላ የለውም። በሩ ላይ የሞቱ ባትሪዎች ተደርድረዋል፤ ወረፋ ጠባቂ የሚቀመጠው እነሱ ላይ ነው። እናንተ ግን ቁሙ፤ አሲዱ ሱሪ ይበላል። እኔ አንድ ግራጫ ሱሪ እዚያ ገብሬ ነው ያወቅኩት። የምጽፈው ስለዚህ ኮንቴይነርና ውስጡ ስለሚሠራው ሰው ነው። አሮጌ ፒክአፕ ያላችሁ፣ በተለይ በማታ ጣርማ በርን የምትወጡ የምትወርዱ፣ ብታነቡት አይከፋም።

የኔዋ ሃይሉክስ ናት፤ በፈረንጅ የ1991 ስሪት፣ ባለ 3ኤል ናፍጣ ሞተር። ጡረታ ስወጣ ከአንድ ፕሮጀክት ጨረታ ላይ ገዛኋት። ሞተሯ እስከ ዛሬ አላስቸገረኝም፤ ዘይቷን በጊዜ ካገኘች ሌላ አትጠይቅም። ጣጣዋ ሽቦ ነው። በፕሮጀክት ዘመኗ የመገናኛ ሬዲዮ ነበራት፤ ሲሸጧት ሬዲዮውን ነቀሉና ሽቦውን ትተውልኝ ሄዱ። በዚያ ላይ ከኔ በፊት የነዷት ሰዎች አንዱ ቴፕ፣ አንዱ ተጨማሪ መብራት፣ አንዱ የስልክ ቻርጀር ሲቀጥሉባት ኖረው ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው ነገር የወፍ ጎጆ መስሏል። እኔም ብሆን ንጹሕ አይደለሁም፤ ቻርጀሩ የኔ ነው።

መጀመሪያ የቀለጠው ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ ነው። ግቢ ውስጥ መብራት አብርቼ ዕቃ ሳወርድ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ባለቤቴ ከማድ ቤት ወጥታ "ማነው ፌስታል የሚያቃጥለው?" አለች። ከመሪው ሥር ያለችው እጀታ፣ ፍሬቻውንም አጭርና ረጅም መብራቱንም የምንሠራባት፣ ጣት አታስነካም ነበር። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፤ ስሙን ተዉት። "ማብሪያው ነው" ብለው በላስቲክ የታሸገ አዲስ ገጠሙልኝ። "መብራቷም ደክሟል" ብለው ደግሞ 100/90 ዋት (ረጅሙ 100፣ አጭሩ 90) አምፖል አስገቡልኝ። ያን ዕለት ማታ ከተማውን ዞርኩበት፤ ከፊቴ ያለው ሁሉ ቀን መሰለኝ፣ ደስ አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ያቺ ደስታዬ ትዝ ስትለኝ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ኅዳር መግቢያ ላይ ከሸዋ ሮቢት ስምንት ኩንታል ማሾ ጭኜ ስመለስ ዋጋዬን አገኘሁ። ሮቢት ቆላ ነው፣ መመለሻዬ ላይ ያለው የጣርማ በር ዋሻ ደግሞ ከ3000 ሜትር በላይ ላይ ነው፤ ያንን ሁሉ አቀበት በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰትን ነው የምንወጣው። ደብረ ሲና ቆሎ ለመግዛት ስቆም ከምሽቱ 1 ሰዓት ሆኗል። ከከተማው እንደወጣን ጉሙ መጣ። የዚያን መንገድ ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከኮፈኑ ወዲያ ያለውን ዓለም ነው የሚወስደው። ከዋሻው በታች ካሉት ጠመዝማዞች አንዱ ላይ መብራቱ አንዴ ደብዘዝ አለ፣ ከዚያ ሁለቱም በአንድ ላይ ድርግም። ፍሬን ይዤ ቆምኩ። ከኋላዬ የከባድ መኪና ድምፅ ይሰማኛል፣ ራሱ ግን አይታየኝም። የእህቴ ልጅ ዘሎ ወርዶ የስልኩን ባትሪ እያወዛወዘ ከኋላ ቆመ። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መብራቱ በራሱ ጊዜ መጣ። ሁለት ኩርባ ሄደን እንደገና ሄደ። ማብሪያው ሲሞቅ ይለቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይይዛል ማለት ነው። በመጨረሻ አንድ አይሱዙ አስቀድሜ የኋላ መብራቱን እያየሁ ወጣሁ። ያቺ ጣሊያኖች የፈለፈሏት ዋሻ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ትበልጣለች፤ ሁልጊዜ ጭንቅ ትለኝ ነበር። ደስ ብሎኝ የገባሁባት ያን ማታ ብቻ ነው፣ ውስጧ ጉም የለማ።

በማግስቱ ወደ ኮንቴይነሩ ሄድኩ። ሦስተኛ ማብሪያ የት እንደማገኝ ልጠይቀው ነበር። ሰውየው ማብሪያውን ዞር ብሎም አላየው። "ሞተር ያስነሱና መብራት ያብሩልኝ፣ ጋሼ" አለኝ። ኮፈኑን ከፍቶ ከባትሪው ጀምሮ ሽቦውን በጣቶቹ እየዳበሰ ሄደ፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳሰሰው። ሦስት ቦታ ላይ እጁ ቆመ፤ ከፊውዝ ሳጥኑ ጀርባ፣ ከግራው መብራት ኋላ ማሳው (ከመኪናዋ ብረት ጋር የሚያገናኘው የኔጌቲቩ ሽቦ) የታሰረበት ብሎን፣ ከዚያ የማብሪያው ሶኬት። ቀጥሎ ቴስተሩን አወጣ። ባትሪው ላይ 13.9 ቮልት። አምፖሉ ጀርባ 11.1። ቁጥሩን አሳየኝና ምንም ሳይናገር ወደ ሥራው ተመለሰ።

እኔ ባትሪዎቹ አጠገብ ቆሜ አሰላሁት። 2.8 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። ሁለቱ አምፖሎች በረጅሙ ወደ 15 አምፔር ይስባሉ። አባዙት፤ ወደ 40 ዋት ይመጣል። የሬዲዮና የስልክ ጠጋኞች የሚበይዱባት ትንሿ ካውያ 40 ዋት ገደማ ናት። እኔ ያንን ሙቀት ግማሹን በሽቦና በብሎን ውስጥ፣ ግማሹን ከጉልበቴ በላይ በፕላስቲክ ታቅፌ ነበር ጣርማ በርን የምወጣው። ያ ብቻ አይደለም፤ የአምፖል ብርሃን ከቮልቴጁ ፈጥኖ ነው የሚወርደው። ቮልቴጁ አንድ አሥረኛ ሲቀንስ ብርሃኑ በሲሶ ገደማ ይቀንሳል። እኔ ጋ የጎደለው ሁለት አሥረኛ ነው፣ ስለዚህ ግማሹን ያህል ብርሃን ከፍዬበት አላገኘሁትም። አምፖሉን ሳተልቀው የሚያልፈው አምፔር ጨመረ፤ ሙቀቱ ደግሞ በአምፔሩ ካሬ ነው የሚያድገው። ይህን በጠመኔ ስንቴ ጽፌዋለሁ! ቴስተር ይዤ መኪናዬ ሥር ግን አንድ ቀን አልገባሁም።

የግራው ማሳ ብሎን ሲፈታ ከሥሩ የዛገ ዱቄት ፈሰሰ። አሮጌ ናፍጣ ሞተር ሁሉን ነገር እያንቀጠቀጠ ብሎን ያላላል፤ የደብረ ብርሃን ውርጭና የክረምቱ ጭቃ የቀረውን ይጨርሳል። በሽቦ ብሩሽ ቆርቆሮው እስኪያብለጨልጭ ፋቀው፣ ግሪስ ቀብቶ አሰረው። ያ ብቻውን ከግማሽ ቮልት በላይ መለሰ። እንደገና ለክቶ አሳየኝ፤ ይሄ ልማዱን ወድጄለታለሁ፣ አንድ ነገር በሠራ ቁጥር ይለካል። ከዳሽቦርዱ ሥር ደግሞ ገብቶ የሬዲዮውን ቅሪት ጎትቶ አወጣና ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። ሁለት ሜትር ይሆናል። አንደኛው ሽቦ ያለ ምንም ፊውዝ ቀጥታ ከባትሪ የመጣ ነበር፤ የመሪው ዘንግ ደጋፊ ብረት ላይ እየታሸ ፕላስቲኩ ተልጦ መዳቡ ቀልቷል። ከፊውዝ ሳጥኑ ውስጥም የመዳብ ክር የተጠመጠመበት ፊውዝ አገኘ። "ይሄ ፊውዝ አይደለም ጋሼ፣ ሚስማር ነው" አለና ወረወረው።

ከዚያ ወደ ማብሪያው መጣ። የፊተኛው ጋራዥ ሪሌ (በትንሽ አምፔር ተቀስቅሶ ትልቁን አምፔር የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ለመግጠም ሞክሮ አልሠራ ብሎት እንደተወው ስነግረው ሳቀ። "የብዙው መኪና ማብሪያ ፖዘቲቩን ነው የሚቆርጠው። የዚህ ዘመን ሃይሉክስ ኔጌቲቩን ነው የሚቆርጠው። ፖዘቲቩ በፊውዝ አልፎ አምፖሉ ድረስ ይሄዳል፤ ከአምፖሉ የሚመለሰው በሙሉ በዚች በያዟት እጀታ ውስጥ ያልፋል። ያንን ያላወቀ ሰው ሪሌ ሲያስር ይገለበጥበታል።" ሁለት ሪሌ ገጠመ፤ አንዱ ለአጭሩ፣ አንዱ ለረጅሙ። ከባትሪው አጠገብ ለእያንዳንዱ 15 አምፔር ፊውዝ አስገባ፣ ወፍራም ሽቦ ዘረጋ፣ አምፖሎቹን ከአዲስ ማሳ ጋር አሰረ። የድሮው ሽቦ አሁን አምፖል አይሸከምም፤ ሪሌውን መቀስቀስ ብቻ ነው ሥራው። ለዚያ የሚያልፍበት የአንድ አምፔር ሩብ እንኳ አይሞላም። መገጣጠሚያዎቹን ጠምዝዞ በፕላስተር አልጠቀለለም፤ በካውያ በይዶ ሽፋን አለበሳቸው። ጎንበስ ብዬ አየሁት፣ ብየዳው እንደ ውሃ ጠብታ ያበራል።

አምፖል ላይ ተጨቃጨቅን። 100/90ዎቹን አውጥቶ ተራውን 60/55 ሲያስገባ "ለምን?" አልኩ። "ይሁን፣ ማታ ይንገሩኝ" አለ። ኤልኢዲ እንዲያስገባልኝም ጠየቅሁት፣ ትንሽ ነው የሚስበው፣ ማብሪያውም ያርፋል ብዬ። መሳቡስ እውነት ነው አለኝ፤ ግን የዚህ መብራት መስታወት የተሠራው ለሃሎጂን ክር ነው፣ ኤልኢዲ ሲገባበት ብርሃኑ ይበተናል፣ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ያጠፋል። "ጣርማ በር ላይ ደግሞ ነጭ አንሶላ ፊትዎ ላይ እንደመስቀል ነው።" አልገጥምም አለ። ገንዘብ ይዞ የመጣን ሰው እንዲህ ሲመልስ ያየሁት ባለሙያ ጥቂት ነው።

ማብሪያውን ግን መግዛት ግድ ነበር፤ የቀለጠ ቀልጧል። ኦሪጅናሉን አስመስለው የሠሩትን አዲሱን አይግዙ አለኝ። የኔን የቀለጠውን ፈቶ ሲያሳየኝ የመገናኛው ምላስ እንደ ቆርቆሮ ክዳን የሳሳ ነው። አዲስ አበባ፣ የመኪና ዕቃ መሸጫው ሶማሌ ተራ ያለ ወዳጄን ጠይቄ ያገለገለ ኦሪጅናል ማብሪያ በአውቶቡስ አስላከልኝ። ስትገዙ ገልብጣችሁ ሥሩን እዩ፤ ከመዳቡ ዙሪያ ያለው ነጭ ፕላስቲክ የዳቦ ቅርፊት መስሎ ቡናማ ከሆነ እሱም በስሏል፣ ተዉት።

የከፈልኩት፤ ሪሌዎቹ ከነሶኬታቸው፣ ሽቦው፣ ፊውዙና አምፖሉ 3400 ብር፣ የእጁ 2500፣ ማብሪያው ለብቻው 4000። ርካሽ አይደለም። በላስቲክ ታሽጎ ለመጣው ማብሪያና ለትላልቆቹ አምፖሎች ያወጣሁትን ስደምር ግን ዝም አልኩ።

ቅሬታዬን ልናገር። "ዛሬ ያልቃል" ብሎኝ ሦስት ቀን ፈጀ፤ መሐሉ ላይ ሚካኤል ገባና ዘጋ፣ አልደወለልኝም። ደረሰኝ የለውም። ሬዲዮኑን እንደ ሠርግ ቤት ነው የሚከፍተው፣ በዚያ መሐል ማውራት አይቻልም። ሪሌዎቹን ከግራው ጎማ በላይ ክፍት ቦታ ላይ ሰቀላቸው፤ ክረምት ሲገባ ጭቃ ይረጫቸዋል ብዬ የውሃ ጠርሙስ ቆርጬ ራሴ ከለልኳቸው። ጥሩምባዋም ከሱ እጅ ከወጣች በኋላ ሁለት ቀን ዝም አለች፣ ተመልሼ አሠራሁ፤ አላስከፈለኝም፣ ይቅርታም አላለም። የረጅም መብራቷ ሰማያዊ ምልክት ደግሞ በአጭሩም ጊዜ ደብዘዝ ብላ ትበራለች። "የሪሌው ጠባይ ነው" አለኝ። ጠባይ አይደለም፣ የሱ ሥራ ነው፤ የምልክቷን ሽቦ ለይቶ ማሰር ነበረበት።

ባለፈው ቅዳሜ እንደገና ሮቢት ወርጄ በማታ ተመለስኩ። አምፖሉ ጀርባ አሁን 13.5 ቮልት ይደርሳል፤ 55 ዋቱ ከቀድሞው 90 ዋት ያላነሰ ያሳያል። ጉሙ ያው ጉም ነው፣ እሱን የሚያሸንፍ መብራት አላየሁም፤ ግን የመንገዱን ዳር ነጭ መስመር ያዝኩት። እጀታዋን በየአምስት ደቂቃው ስነካካ የእህቴ ልጅ "ምነው ጋሼ፣ ትኩሳት አላት እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ። እንደ በሩ እጀታ ቀዝቃዛ ናት። ረጅሙን ስከፍት ከኮፈኑ ሥር ሪሌው "ቀጭ" ሲል ይሰማኛል፣ ለምጄዋለሁ። ሐሙስ ለሰማያዊዋ ምልክት እመለሳለሁ፣ ኮንቴይነሩ ክፍት ከሆነ።