ለመዳብ ክር የተሠራ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ፦ ምን አይቶ መምረጥ ይገባል?

የመዳብ ክር የሚጎትት ዘንግ ሲመረጥ አስቀድሞ መታየት ያለበት የክሩ ክብደት ነው፤ ዓሣው በኋላ ይደርሳል። የአክስቴ ልጅ በአሜሪካ ሚቺጋን ሐይቅ ዳር ካለችው ሚልዋኪ ከተማ ይዞልን ደብረ ብርሃን የገባው ዘንግ በዚህ መመዘኛ ሲታይ በሚገባ የተሠራ ዕቃ ነው፤ ለሰሜን ሸዋ ውኃ ግን አልተሠራም።

በሚቺጋን ሐይቅ ሳልሞን በበጋ ሙቀት ቀዝቃዛ ውኃ ፍለጋ ወደ ታች ስለሚወርድ፣ አጥማጆች መንጠቆውን ያለ ተጨማሪ የእርሳስ ክብደት እዚያ ለማድረስ የመዳብ ክር ከጀልባ ኋላ ለቀው በዝግታ ይጎትታሉ። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙበት 20 ኪሎ ግራም ገደማ የሚችለው ክር ሲሆን፣ ጀልባው በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዘ 30 ሜትር ክር ቢለቀቅ መንጠቆው 6 ሜትር ገደማ ይሰምጣል። ጀልባው ሲዘገይ የበለጠ ይወርዳል፣ ሲፈጥን ወደ ላይ ይነሣል።

መዳብ እንደ ናይለን አይለጠጥም። ስለዚህ ዓሣው ሲፈራገጥ ንዝረቱን በዋናነት የሚውጠው ዘንጉ ነው፤ ደረቅ ዘንግ ከሆነ መንጠቆው አፉን ቀድዶ ይወጣል። የእኛው በፋይበርግላስ የተሠራ በመሆኑ ከጫፉ ብቻ ሳይሆን እስከ ወገቡ ድረስ ይለምጣል፤ ጉልበቱ ግን እጀታው አጠገብ ስላለ ከባዱን ክር ተሸክሞ ቀጥ ይላል። ርዝመቱ 2.7 ሜትር ገደማ መሆኑም ክሩን ከጀልባው ጎን ያርቀዋል።

ከሁሉ በላይ በጥንቃቄ መታየት የሚገባቸው ክሩ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች ናቸው። መዳቡ ከኋላው ካለው የድጋፍ ክር ጋር የሚገናኝበት ቋጠሮ ሳይነካካ እንዲያልፍ ሰፋ ማለት አለባቸው፤ የውስጣቸው ሴራሚክም ስንጥቅ ሊኖረው አይገባም። ስንጥቁ በዓይን ስለማይታይ ጥጥ ጠቅልሎ በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ ማሳለፍ ይበቃል፤ ስንጥቅ ካለ ጥጡን ይይዘዋል። ከጫፉ ሁለተኛ በሆነው ቀለበት ላይ እንዲህ ያለ ጭረት አገኘንና ከመጠቀማችን በፊት አስቀየርነው።

ዘንጉ አንድ ወጥ ነው። ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ ለሚጓዝ ሰው ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ በፖርቶመጋላ ላይ ሲታሰር ጫፉ የሚደርስበትን እግዜር ያውቃል። ሁለት ላይ የሚገጠመውን መግዛት፣ አለዚያም የውኃ ቧንቧ ቆርጦ መያዣ መሥራት ያስፈልጋል።

ጥልቀቱን በአገራችን ውኃ ላይ ስናስተያየው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ጣና በጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ 90 ሜትር መዳብ ቢለቀቅ ወደ 18 ሜትር ስለሚወርድ መንጠቆው ጭቃ ሲያርስ ይውላል። እኛ የምንወርድበት ጀማ ደግሞ ከዳር ሆኖ ተወርውሮ አምባዛ የሚጠበቅበት ወንዝ ስለሆነ የሚጎተት ነገር የለም። ቀለበቶቹና ክሩን የሚጠቀልለው ማሽን መቀመጫ ወደ ላይ የተሰናዱ በመሆናቸው፣ ከዘንጉ በታች የሚንጠለጠለውን የተለመደውን የመወርወሪያ ማሽን ቢገጥሙበት ክሩ ያለ ሥርዓት ይፋተጋል።

ስለዚህ ከውጭ ዘመድ ዘንግ የሚያስመጣ ሰው ቀድሞ ውኃውን ይንገረው፦ ለጀማ የሚበጀው 2.4 ሜትር ገደማ የሆነ፣ ሁለት ላይ የሚገጠም፣ ቀለበቶቹ ወደ ታች የሚያዩ የመወርወሪያ ዘንግና ጠንካራ ናይለን ነው። የመዳቡን ዘንግ መልሶ ወደ ሚልዋኪ እንዲወስደው ለአክስቴ ልጅ ነግረነዋል።