አሮጌ በርሜል ያለፈበት ሻምፓኝ፦ ቦላንዤን ካዛንቺስ ቀመስነው

ቦላንዤ ስፔሻል ኩቬ የተባለውን ሻምፓኝ ወንድሜ ከፓሪስ ሲመጣ ይዞልኝ መጣ። ምግብ ጋር እንየው ብለን ካዛንቺስ፣ ከኢሲኤ ብዙም የማይርቅ ምግብ ቤት ይዘነው ሄድን። ኮርኬጅ፣ ማለትም የራስን ጠርሙስ ይዞ ለመግባት የሚጠየቀውን፣ ከፈልን።

መጀመሪያ ዓይን የሚይዘው ቀለሙ ነው። ለሠርግ ከሚከፈተው ነጣ ያለ ሻምፓኝ ይልቅ ወርቃማነቱ ይበልጣል። አስተናጋጁ ቀድቶ አየት አደረገውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ አልተበላሸም? ጠቆር ብሏል» አለኝ።

«የለም ወንድሜ፣ አሠራሩ ነው» አልኩት። ጥያቄው ግን የሚገባ ነው፤ አየር የነካው ወይን ይበላሻል ሲባል ነው የምንሰማው።

አብዛኞቹ የሻምፓኝ ቤቶች (አምራቾቹ) ወይኑን የሚያብላሉት አየር በማያስገባ የብረት ታንከር ነው። በ1829 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ቦላንዤ ግን ዛሬም የኦክ እንጨት በርሜል አልተወም። ከ3,000 በላይ በርሜሎች አሉት፤ የሚጠግናቸው ባለሙያም እዚያው ቤቱ ውስጥ አለ። በርሜሎቹ አዲስ አይደሉም፤ ቡርጎኝ በተባለው የፈረንሳይ የወይን አገር ሌላ ወይን ይዘው የኖሩ ናቸው። አዲስ ኦክ ቫኒላና የእንጨት ጣዕም ወይኑ ላይ ይጭናል። ያገለገለው ያንን ሰጥቶ ጨርሷል፤ የሚቀረው ሥራ አየርን በጥቂት በጥቂቱ ማሳለፍ ነው። ወይኑ ገና በለጋነቱ አየር ስለለመደ ኋላ ላይ ቶሎ አይደክምም። ክፍት ተረስቶ ከኮመጠጠ ወይን ጋር ምንም አይገናኝም። ስፔሻል ኩቬ ውስጥ በርሜል ያየው የወይኑ ከፊል ብቻ ነው። ሙሉ በሙሉ በበርሜል የተብላላ የሚፈልግ፣ ዋጋውን ከቻለ፣ የዚሁ ቤት ላ ግራንድ አኔ አለለት።

ሽታው ላይ ብዙ ቆየሁ። መጀመሪያ ተቆርጦ የቆየ ፖም። ቀጥሎ የተቆላ ለውዝና የዳቦ ቅርፊት። ብርጭቆው ውስጥ ለዘብ ሲል ደግሞ ከሥር አብሽ መጣ። ወንድሜ አላመነኝም። አሸተተ፣ ደግሞ አሸተተ፣ ከዚያ «እውነትህን ነው» አለ። ለአብሽ ሽታውን የሚሰጠው ሶቶሎን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ከአየር ጋር በቆዩ ወይኖች ውስጥም ይገኛል። አብሽ በሚታወቅበት ቤት ያደገ ሰው ይህን ሽታ ለማግኘት መምህር አያስፈልገውም፤ በዚህ ደስ ብሎኛል።

አፍ ላይ ደረቅ ነው፤ ጣፋጭ አይደለም። አረፋው ደቃቅ ሆኖ ምላስ ላይ ይሟሟል እንጂ አይቧጥጥም። 60 በመቶው ፒኖ ኑዋር የሚባለው ጥቁር ወይን ፍሬ ስለሆነ አካል አለው፤ አፍ ይሞላል። ከዋጡት በኋላ የለውዙ ጣዕም አይለቅም።

አቀራረቡን በተመለከተ ግን ቅሬታ አለኝ። ጠርሙሱን በረዶ ውስጥ እስከ አንገቱ ቀብረው፣ ጠባብ ረጅም ብርጭቆ አመጡልን። እንዲህ ሲቀዘቅዝ ሽታው ይታፈናል፤ የመጀመሪያው ብርጭቆ ምንም አልነገረኝም። ከበረዶው አስወጥተን የነጭ ወይን ብርጭቆ ስንጠይቅ ነው ነገሩ የተገለጠው። አስተናጋጁ ያለ አንዳች ቅሬታ ቀየረልን፤ ልጁ ጎበዝ ነው። ሲከፈት ቀዝቃዛ መሆኑ ደግ ነው፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች የውጭው አየር ግፊት ያንሳል፣ ቡሹም በኃይል ይወጣል። በፎጣ ይዞ ቀስ ማለት ነው። ከተከፈተ በኋላ 10 ወይም 12 ዲግሪ ይበቃዋል።

ከምግቡ የጥብስ ቅጠል የገባበት ለስላሳ ጥብስ አብሮት ሄደ፤ ቅቤውና የለውዙ ጣዕም ተስማሙ። ቋንጣ ፍርፍሩ ግን አልሆነም። በርበሬውና አረፋው ተደራርበው አፋችንን አቃጠሉት፣ ወይኑም ጠፋ። አይብ ያለበት ነገር ማዘዝ ይሻላል።

የተረፈውን ክዳን አድርገን ወደ ቤት ወሰድነው። በማግስቱ አረፋው ቀንሷል፤ ጣዕሙ ግን እንዳለ ነበር፣ አብሹ እንዲያውም ጎላ ብሏል። ጣፋጭ ለሚወድ ሰው ይህን አልገዛለትም። ጠጅ ሲደርቅለት የሚወድ፣ ብርጭቆ ይዞ ቀስ ብሎ የሚጫወት ሰው ግን መንገደኛ ካለው ያስመጣ።