የፓተንት ማመልከቻችንን ከደብረ ብርሃን ጄኔቫ ላደረሱልን ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

በደብረ ብርሃን ከተማ፣ ጠባሴ አካባቢ አነስተኛ የብረታ ብረት ሥራ ቤት አለኝ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው፣ ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ዛሬ ድረስ በፓተንት (በፈጠራ ባለቤትነት መብት) ጉዳይ ያማከሩኝን፣ የጻፉልኝንና ከስሕተት የመለሱኝን ባለሙያ በአደባባይ ለማመስገንና ተመሳሳይ ጉዳይ ያለው ሰው ወደ እሳቸው እንዲሄድ ለመጠቆም ነው።

ጉዳዩ የበግ ጠጉር ማባዘቻ ነው። እናቴ መሐል ሜዳ ላይ ለባና የሚሆን ጠጉር በእጅ ስታባዝትና በእንዝርት ስትፈትል ነው ያደግሁት። የመንዝ በግ ጠጉር ሻካራ ስለሆነ የሞከርኋቸው ማባዘቻዎች ሁሉ እየቆራረጡ አስቸገሩኝ። ከአራት ዓመት ሙከራ በኋላ፣ ጠጉሩ ሲወፍር በሞላ ተገፍቶ የጥርሶቹን ክፍተት በራሱ የሚያሰፋ፣ በእግር የሚሠራ ባለ ሲሊንደር መሣሪያ አወጣሁ። ጀርመን አገር የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ሥዕሎቹን በኮምፒውተር ሠራ፤ የዕቃውንም ወጪ ተጋራ።

ከእኚህ ባለሙያ በፊት ያነጋገርሁት ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይ፣ «የዓለም ፓተንት አወጣልሃለሁ፣ አንድ ወረቀት በሁሉም አገር ይሠራል» ብሎ ቀብድ ተቀብሎኝ ነበር። «መጀመሪያ አዲስ አበባ እናስመዝግብ፣ ከዚያ ለውጭው 12 ወር ጊዜ አለህ» ብሎም መከረኝ። ቀብዱ አልተመለሰልኝም፤ ይሁን እንጂ ያ ምክር ሥራ ላይ ውሎ ቢሆን ኖሮ የምከፍለው ከቀብዱ እጅግ የበለጠ ነበር።

እትዬ (ባለሙያዋን እኔ እንዲህ ነው የምጠራቸው) በመጀመሪያው ቀን ያሉኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ወንድሜ፣ የዓለም ፓተንት የሚባል ነገር የለም። ያለው አንድ የጋራ ማመልከቻ ነው፤ ፓተንቱን የሚሰጥህ ወይም የሚከለክልህ እያንዳንዱ አገር በራሱ ሕግ ነው።» ከዚያም የፓተንት ትብብር ስምምነት የሚባለው በ1970 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ላይ የተፈረመ፣ ከ150 በላይ አገሮች የገቡበትና በጄኔቫው የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት የሚተዳደር መሆኑን፣ በዚህ መንገድ አንድ ማመልከቻ ያስገባ ሰው በየትኞቹ አገሮች እንደሚቀጥል ለመወሰን 30 ወር ገደማ እንደሚያገኝ ወረቀት ላይ መሥመር እያሰመሩ አስረዱኝ። ያንን ወረቀት እስከ አሁን ሥራ ቤቴ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ወዲያው ግን ችግሩንም አልደበቁኝም። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ የስምምነቱ አባል አልነበረችም፤ በዚህ መንገድ ማመልከት የሚችለው ደግሞ የአባል አገር ዜጋ ወይም ነዋሪ ብቻ ነው። ሆኖም አመልካቾቹ ከአንድ በላይ ሲሆኑ አንዳቸው መስፈርቱን ካሟሉ ይበቃል። ወንድሜ የጀርመን ነዋሪ ስለሆነ በሩ በእሱ በኩል ይከፈታል ማለት ነው። እኔ «ስሙን ለይስሙላ እናስገባው» ስል፣ በፍጹም አልተቀበሉኝም። ስሙ በአመልካችነት የሚገባ ሰው የመብቱ ባለቤት ነውና ድርሻው በውል ይታወቅ፣ ነገ ወንድማማቾች እንዳትካሰሱ ብለው፣ 80 እጁ የእኔ፣ 20 እጁ የእሱ እንዲሆን ተስማምተን በጽሑፍ እስክንፈራረም ድረስ ሥራውን አልጀመሩም። በኋላ ወንድሜ ይህን ሲያስታውስ «ከክፍያው በላይ ያገለገለን ይኸው ነው» ይላል፤ እኔም እስማማለሁ።

ወጪውንም አስቀድመው ነው የነገሩን። በዚያን ጊዜ ዓለም አቀፉ የማስገቢያ ክፍያ 1330 የስዊስ ፍራንክ ሲሆን፣ ከ30 ገጽ በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ ገጽ 15 ፍራንክ ይጨመር ነበር፤ ፈጠራው አዲስ መሆኑ የሚፈተሽበት የምርመራ ክፍያ ለብቻው ነው። እንደኛ ካሉ በማደግ ላይ የሚገኙ አገሮች ለሚያመለክቱ የ90 በመቶ ቅናሽ መኖሩን ሰምቼ ስለነበር ተስፋ አድርጌ ነበር። እሳቸው ግን ቅናሹን ለማግኘት አመልካቾቹ ሁሉ መስፈርቱን ማሟላት እንዳለባቸው፣ የወንድሜ ጀርመን መኖር ደግሞ ከቅናሹ እንደሚያስወጣን ገንዘብ ሳንከፍል በፊት አስታወቁን።

ያ የ12 ወር ምክርም የተሳሳተ መሆኑን ያወቅሁት በእሳቸው ነው። በአንድ አገር ያስገቡትን ማመልከቻ ቀን በሌላ አገር እንደ ቀዳሚነት ለመቁጠር፣ መጀመሪያ የገባበት አገር የፓሪስ ስምምነት (የኢንዱስትሪ ንብረት ጥበቃ ስምምነት) ወይም የዓለም ንግድ ድርጅት አባል መሆን አለበት። ኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ የሁለቱም አባል ስላልነበረች፣ አዲስ አበባ ላይ ያስገባሁት ቀን ጄኔቫ ላይ አይቆጠርልኝም ነበር። ስለዚህ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ዓለም አቀፉን ማመልከቻ በቀጥታ ለጄኔቫው ቢሮ በኢንተርኔት፣ የአገር ውስጡን ደግሞ በዚያው ሳምንት ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አስገቡልን። እስከዚያ ድረስ መሣሪያውን ለማንም እንዳላሳይ አስጠንቅቀውኝ ስለነበር፣ በከተማችን ባዛር ላይ እንዳቀርበው ስጋበዝ ይቅርታ ጠይቄ ቀረሁ። አንዳንድ አገሮች፣ በተለይ በአውሮፓ ያሉት፣ ባለቤቱ ራሱ ከማመልከቱ በፊት በአደባባይ ያሳየውን ነገር እንደ አዲስ አይቆጥሩትም።

ከሁሉም በላይ የማልረሳው ግን ሥራ ቤቴ የመጡበትን ቀን ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ መሣሪያውን በእግራቸው ረገጡት፤ ያልታጠበ የመንዝ ጠጉር በእጃቸው አጉርሰው ጥርሶቹ ላይ ሲጎተት ዝም ብለው ተመለከቱ። ከዚያ ሞላውን በጣታቸው ነክተው «ይህን ብናወጣው ምን ይሆናል?» አሉኝ። ጠጉሩ እንደሚበጠስ ነገርኋቸው። «እንግዲያው ፈጠራህ ሲሊንደሩ አይደለም፣ ይህ ነው» አሉ። ነጻ የፓተንት መፈለጊያ ገጾችን ከፍተው ለብዙ ዘመን የታወቁ ባለ ሲሊንደር ማባዘቻዎችን ሲያሳዩኝ ደነገጥሁ፤ እኔ አራት ዓመት ሙሉ የምኮራው በሲሊንደሩ ነበርና። የመጀመሪያው ሰው ያዘጋጀው 41 ገጽ ጽሑፍ ግማሹ ስለ ሲሊንደሩ የሚያወራ ነበር። እሳቸው እንደ አዲስ ጽፈው 28 ገጽ አደረጉት፤ የተጨማሪ ገጽ ክፍያም ቀረልን።

የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ያዘጋጀው የምርመራ ሪፖርት በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ሲመጣ፣ በመጀመሪያው የመብት መጠየቂያ ነጥባችን (ጥበቃ እንዲሰጠው የምንጠይቀውን ነገር በሚገልጸው ነጥብ) ትይዩ «ኤክስ» የሚል ፊደል ነበረበት። ይህ ፊደል የተጠቀሰው ሰነድ ብቻውን የነጥቡን አዲስነት ወይም ፈጠራነት የሚነሣ መሆኑን ያመለክታል። እኔ ሁሉም ነገር ያለቀ መስሎኝ ሌሊቱን ሳልተኛ አደርሁ። እትዬ በማግሥቱ ሪፖርቱን አብረን መሥመር በመሥመር እንድናነብ አደረጉ። ስለ ሞላው በሚናገረው በአራተኛው ነጥብ ላይ የተጠቀሱት ሰነዶች «ኤ» የሚል ፊደል ብቻ ነበራቸው፤ ይህም አጠቃላይ የዘርፉን ሁኔታ ከማሳየት በቀር የሚቃረኑት አለመሆናቸውን ነው የሚነግረው። አራተኛውን ከመጀመሪያው ጋር አዋሕደው፣ ስምምነቱ በሚፈቅደው ጊዜ ውስጥ ማሻሻያውን ላኩ።

ማመልከቻው በ18 ወሩ፣ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ማኅተም ያለበት፣ የማመልከቻ ቁጥራችንን በትክክል የጠቀሰ፣ ከ2 ሺህ ዩሮ በላይ የሚጠይቅ ደብዳቤ በወንድሜ አድራሻ ደረሰው። ሊከፍል ባንክ ሊሄድ ሲል ደወልሁላቸው። የታተመ ማመልከቻን አይተው እንዲህ ያለ መጠየቂያ የሚልኩ ሰዎች መኖራቸውን፣ የጄኔቫው ድርጅት ራሱ የእነዚህን ደብዳቤዎች ናሙና በድረ ገጹ አውጥቶ እንደሚያስጠነቅቅ ነግረው አስቆሙን። ለዚህ ምክር አንድ ብር አልጠየቁንም።

በመስከረምና በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ማመልከቻውን ወደ ኬንያና ወደ ሕንድ አስገባን። ኬንያ 30፣ ሕንድ 31 ወር ስለሚሰጡ ቀኖቹን ለየብቻ መዝግበው ይከታተሉ ነበር። ሁለቱን የመረጥነው በእንግሊዝኛው ጽሑፍ መቀጠል ስለሚቻልና የትርጉም ወጪ ስለማይጠይቁ ነው። በየአገሩ የሚያስፈልገውን ወኪል አፈላልገው፣ የሦስት ወኪሎችን ዋጋ አወዳድረው ነው ያቀረቡልን። ፓተንቱ ገና አልተሰጠንም፤ የሁለቱ አገሮች መርማሪዎች የሚሉትን እየጠበቅን ነው።

ለሚሄድ ሰው ማወቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ በሥራ ሰዓት ስልክ አያነሡም፣ መልስ የሚሰጡት ወደ ማታ ነው። ለተከፈለው ሁሉ ደረሰኝ ይሰጣሉ፤ የማያስኬድ ጉዳይ ከሆነም በመጀመሪያው ቀን ይናገራሉ። ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቁኝ፣ የሚፈልጋቸው ሰው በግል ይጻፍልኝ፤ አገናኛለሁ። ሲሄዱ የመሣሪያውን ሥዕል፣ ሙከራ የተደረገባቸውን ቀናት የያዘ ደብተርና በሥራው የተሳተፉ ሰዎችን ስም ይዛችሁ ሂዱ፤ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት እነዚህን ነው።