ሞተር አጥፍተው ፍሬን የሚያስረግጡ ጋራዦች

ወገን፣ አይሱዙ ኤንፒአርም ሆነ ሌላ የዘይት ፍሬን ያለው የጭነት መኪና የምታሠሩ ሁሉ ይቺን አንብቧት። የአየር ፍሬን ያላቸውን ትልልቆቹን አትመለከትም።

የጋራዡን ስም አልጠራም፤ ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። በሩ ላይ «የፍሬን ስፔሻሊስት» የሚል ጽሁፍ ተሰቅሏል፤ ውስጥ ሲገባ ያለው ክፍት ቁልፍና መዶሻ ብቻ ነው። ጠዋት «ማታ ትወስዳለህ» ይላሉ፣ ማታ ይደውሉና «ሸራው አልቋል፣ ሲሊንደሩ ያፈሳል» እያሉ ዝርዝሩን ያስረዝሙታል። እስከዚህ የለመድነው ነው። የአሁኑ ግን ነፍስ ላይ የመጣ ነው። የኋላ ቀኝ ጎማውን የአየር ማውጫ ብሎን (ከፍሬን ዘይቱ ውስጥ አየር የሚወጣባትን) ሰብረው፣ ቀዳዳውን በማጣበቂያ ደፍነው፣ ጥቁር ቀለም ቀብተው፣ ላዩን በላስቲክ ክዳን ሸፍነው «ሙሉ ጥገና» ብለው አስረከቡ።

ተንኮሉ ያለው ርክክቡ ላይ ነው። ሞተር ጠፍቷል። መካኒኩ ጋቢና ገብቶ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ደጋግሞ ረገጠና እግሩን ሳያነሳ «ና፣ አንተም ሞክረው» አለ። ቦታ ሲለቅ ፔዳሉ ከላይ ቆሟል፣ ንቅንቅ አይልም። «አየህ? ድንጋይ ሆኗል!» ሂሳብ ተከፈለ። «እስቲ ሞተር ተነስቶ ይታይ» ሲባል ግን ፊቱ ተለወጠ። «ያሠራኸው ፍሬን ነው እንጂ ሞተር ነው እንዴ?» አለ፤ ረዳቶቹ ሳቁ። ሞተሩ ሲነሳ ያ ድንጋይ የተባለው ፔዳል እግር ሥር ቀስ እያለ ወረደ፣ ወረደ፣ ወለሉ ላይ አረፈ። ክዳኑ ሲነሳ ከሥሩ የብሎን ራስ የለም፤ የደረቀ ማጣበቂያ ነው፣ ዙሪያው ረጥቧል። መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ድሮም ዝጎ ነው የመጣው። ምን አስጨነቀህ፣ በሦስቱ ይይዛል።» ስልኩን እየነካካ ነው ይህን የሚለው።

ሞተር ጠፍቶ ፔዳል ሲደጋገም ሁለት ነገር ይሆናል። በሸራውና እሱ ተጭኖ በሚያቆመው፣ ከጎማው ጋር በሚዞረው ታምቡር መካከል ያለው ክፍተት ይዘጋል፣ ቱቦ ውስጥ የቀረ አየርም ይታመቃል። በዚያ ላይ የእግርን ኃይል በሚያበዛው ማገዣ ውስጥ የተጠራቀመው ቫኪዩም (አየር አልባነት) ያልቃል። በብዙዎቹ የአይሱዙ ናፍጣ ሞተሮች ቫኪዩሙን የሚስበው ከአልተርኔተሩ ጀርባ ያለው ፓምፕ ስለሆነ፣ ሞተር ካልዞረ እገዛ የለም። እገዛ የሌለው ፔዳል ደግሞ ጤነኛም ሆነ በሽተኛ ጠንካራ ነው። ሞተር ሲነሳ ፔዳሉ ጥቂት ዝቅ ብሎ መቆም አለበት፤ ይህ ማገዣው መሥራቱን ያሳያል። ተይዞ እያለ መውረዱን ከቀጠለ ያፈሳል፣ ወይም ማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ የሚገፋው ዋናው ሲሊንደር) ዘይቱን ውስጥ ለውስጥ ያሳልፋል። በመጀመሪያው ርግጫ ወርዶ በሁለተኛው ከፍ ካለ አየር አለ፣ ወይም ሸራው አልተስተካከለም።

ያቺ የሰበሯት የአየር ማውጫ ብሎን መሃሏ ክፍት ነው። ጫፏ ሾጣጣ ሆኖ ሸራውን በሚገፋው የጎማ ሲሊንደር ውስጥ ካለው መቀመጫ ጋር ብረት ለብረት ይገጥማል፤ ከሾጣጣው ከፍ ብሎ ጎኗ ላይ ቀዳዳ አለ። ሩብ ዙር ስትላላ ዘይቱና አየሩ በዚያ ገብቶ በራሷ በኩል ይወጣል። ዘይት የሚያግደው ሾጣጣው ነው እንጂ ጥርሱ አይደለም። ስለዚህ ጥርስ ላይ ቴፍሎን ጠቅልሎ «አሸግኩት» የሚል መካኒክ ሥራውን አያውቅም። በማጣበቂያ የደፈነውማ ወንጀለኛ ነው። ፍሬን በድንገት ሲረገጥ ግፊቱ ከ70 ባር ሊያልፍ ይችላል። ቀዳዳው 10 ሚሊሜትር ከሆነ ድፍኑን ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ከ50 ኪሎ ይበልጣል። የፍሬን ዘይት ደግሞ የመኪና ቀለም እንኳ የሚልጥ ፈሳሽ ነው፤ ማጣበቂያ እንዴት ይችለዋል።

«በሦስቱ ይይዛል» የሚሉትም ውሸት ነው። የፊትና የኋላው መስመር በተለያየበት መኪና ድፍኑ የተበተነ ቀን የኋላው ዘይት በሙሉ ይፈሳል፤ የሚቀረው የፊቱ ብቻ ነው። ባይበተን እንኳ ብሎኗ ከሲሊንደሩ ከፍተኛው ቦታ ላይ የተደረገችው አየር ወደ ላይ ስለሚሄድ ነው፤ እሷ ከተደፈነች አየሩ መውጫ የለውም። የቱቦውን ዳዶ (ማሰሪያ) አላልቶ ማስወጣትም ከላይ ያለውን አያወጣም። አሮጌው ዘይትም እዚያው ይቀራል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ከጠጣ ግን ዝቅተኛው የመፍያ ልኩ 140 ነው፤ ከፈላ ደግሞ እንፋሎቱ እንደ አየር ይታመቅና ፔዳሉ ይወድቃል። ጭነት ይዞ ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የሚወርድ ሾፌር ታምቡሩ ምን ያህል እንደሚግል ያውቃል።

ዝገቱ እውነት ነው፣ ይከሰታል። የላስቲክ ክዳኑ ሲጠፋ ውሃና ጭቃ ይገባል፣ ብረቱ ከሲሊንደሩ ጋር ይያያዛል። ግን እነሱ ያደረጉትን ተመልከቱ፦ ሁለት ጎን ብቻ በሚይዝ ክፍት ቁልፍ ጠምዝዘው ማዕዘኑን አነሱት፣ ቀጥለው በግሪፕ ፒንሳ ጨመቁት። መሃሉ ክፍት የሆነ ብሎን ሲጨመቅ ይጎብጥና ጥርሱን የባሰ ይነክሳል። ከዚያ ቁልፉ ላይ ቱቦ አስረዝሞ መጎተት፣ ቀጭ! ሲጠብቅ እንኳ 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ የሚበቃው ብሎን ነው፣ በእጅ አንጓ የሚዘጋ።

ሥራ የሚያውቅ ሰው ከዋዜማው በሽቦ ብሩሽ ያጸዳና ዝገት ማላቀቂያ ከውጭ በኩል ጥርሱ ዙሪያ ይረጫል፣ ይደግማል። የሲሊንደሩን አካል በቀላል መዶሻ ያንኳኳል። መሃሉ እንዳይጎብጥ ልክ የሚሆን የትራፓኖ (የመሰርሰሪያ) ፑንታ በቀዳዳው ይከታል። ከዚያ የብሎኑን ራስ ዙሪያውን የሚይዝ ባለ ስድስት ማዕዘን ቡሽላ (8፣ 10 ወይም 11፣ እንደ ብሎኑ) አግብቶ መጀመሪያ ፀጉር ያህል ያጠብቃል፣ ቀጥሎ ያላላል፤ ሲጮህ ይመለሳል። እሳት የሚነካው የሲሊንደሩን አካል ነው፣ ያውም ዘይቱ ወጥቶ ጎሚኒው (የላስቲክ ማሸጊያው) ሊቀየር ከሆነ። ክሎሪን ባለው የፍሬን ማጽጃ የታጠበ ብረት ላይ እሳት ማስጠጋት ግን መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ከተሰበረ ሲሊንደሩ ይቀየራል፣ አለቀ። የቱቦው ዳዶም በልዩ የቱቦ ቁልፍ ካልተፈታ ቱቦውን ጠምዝዞ ይሰብራል። የሲሊንደር ዋጋ ለማዳን የሰው ነፍስ አይሸጥም!

ሌላም አለ። ማላቀቂያውን፣ ሲብስም ናፍጣ፣ በብሎኑ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ያፈሳሉ። የነዳጅ ዘር የሆነ ሁሉ የፍሬን ጎሚኒ ያሳብጣል፤ ያበጠ ጎሚኒ ደግሞ ሸራውን ታምቡሩ ላይ አጣብቆ ያስቀራል። የፍሬን ውስጥ የሚታጠበው በንጹህ የፍሬን ዘይት ወይም በአልኮል ነው።

መኪና ስትረከቡ ሞተሩ ይነሳ፣ ፔዳሉን አንዴ ረግጣችሁ ግማሽ ደቂቃ ያዙት። በየጎማው ያለችውን የአየር ማውጫ ብሎን የላስቲክ ክዳን አንሱና ባለ ማዕዘን ራስና ክፍት ቀዳዳ መኖሩን እዩ፣ ቀጭን ሽቦ ካልገባ አትክፈሉ። ደረሰኙ ላይ «ፍሬን ጥገና» ብቻ አይጻፍ፤ የተቀየረው ዕቃ በስም ይጻፍና አሮጌው በእጃችሁ ይግባ።