ፍሎሪዳ ስቴት ከሄደ ወዴት? ኤስኢሲ ወይስ ቢግ ቴን

እ.ኤ.አ. በ2023 የፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን 13 ጨዋታ አሸንፎ፣ አንድም ሳይሸነፍ፣ ለዋንጫ ከሚፋለሙት አራት ቡድኖች ውጭ ቀረ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ዩኒቨርሲቲው ያለበትን ኮንፈረንስ (የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ሊግ) ኤሲሲን ከሰሰ። ክሱ በ2025 በስምምነት አለቀ። ከኤሲሲ የመውጫው ክፍያም በየዓመቱ እየቀነሰ በ2030 ወደ 75 ሚሊዮን ዶላር ይወርዳል። ወደ ሌሎቹ ኮንፈረንሶች፣ ወደ ኤስኢሲ ወይም ወደ ቢግ ቴን፣ ይሄዳል የሚለው ወሬ ታዲያ እንዴት ይብረድ?

ኤስኢሲ ሰፈሩ ነው። ባላንጣው የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ እዚያ ነው። ከፍሎሪዳ ስቴት ከተማ ከታላሃሲ እስከ ባላንጣው ከተማ ጌይንስቪል በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ቢፈጅ ነው፤ ደጋፊው ምሳውን ቋጥሮ ይሄዳል። ችግሩም ይኸው ቅርበት ነው። ኤስኢሲ ፍሎሪዳ ውስጥ አስቀድሞ እግሩን ተክሏል፤ ሁለተኛ ቡድን ምን ይጨምርለታል?

ቢግ ቴን ግን ፍሎሪዳ ውስጥ አንድም ቡድን የለውም። ገንዘቡም አለው፤ ከቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ ከፎክስ፣ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ጋር ለሰባት ዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተፈራርሟል። ጉዞው ነው ወገብ የሚቆርጠው። ለመረብ ኳስ የቢግ ቴን ቡድን እስካለበት ሲያትል ድረስ በርራ የተመለሰች ተማሪ በነጋታው ክፍል መግባት አለባት። (የቢግ ቴን አባል የሆነውን የሎስ አንጀለሱን ዩኒቨርሲቲ ዩሲኤልኤን ጠይቁ!)

በእኔ ግምት ፍሎሪዳ ስቴትን አብልጦ የሚፈልገው ቢግ ቴን ነው። ደጋፊ ብሆን ግን የምጮኸው ለኤስኢሲ ነበር።