መጋዘን ማደስ ወይስ አዲስ አዳራሽ መሥራት?

በለገሃር አካባቢ ለኪነ ጥበብ የሚሆን ቦታ ሲታሰብ ሁለት አማራጭ ይቀርባል፤ ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ የተሠሩትን ዓይነት የጭነት መጋዘኖች ማደስ፣ ወይም እ.ኤ.አ. በ1955 እንደተከፈተው ብሔራዊ ቴአትር ለትርኢት የታሰበ አዳራሽ መገንባት።

መጋዘን አብዛኛውን ጊዜ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መሐሉም በምሰሶ ያልተከፋፈለ ስለሆነ፣ ለሥዕል ዐውደ ርእይም ሆነ ለውዝዋዜ የሚመች ስፋት አለው፤ ይህን ያህል ስፋት በአዲስ ግንባታ ማግኘት እጅግ ውድ ነው። ችግሩ ክረምት ሲገባ ይታያል። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የማሲንቆው ድምፅ ከፊተኞቹ ወንበሮች አያልፍም፤ ስለዚህ ከጣሪያው ሥር ድምፅ የሚውጥ ኮርኒስ መግባት፣ ለዓመታት ዘይት የጠጣው ወለልም መጽዳት ይኖርበታል።

አዲሱ አዳራሽ ተዳፋት መቀመጫና የተዋንያን መልበሻ ክፍል ከንድፉ ጀምሮ ይኖሩታል፤ ለቴአትር ከሆነ ምርጫዬ እሱ ነው።

ለሙዚቃና ለሥዕል ግን ያለማመንታት መጋዘኑን እመርጣለሁ፤ በተለይ የተጠረበው የድንጋይ ግድግዳ ሳይለሰን እንዳለ ቢቀር፣ የጫኝና አውራጁ ትከሻ ያለሰለሰው የበር መቃን ለጎብኚው ብዙ ይነግረዋል። ለማፍረስ ከመወሰኑ በፊት የጣሪያው ብረት ዝገት ምን ያህል እንደበላው በመሐንዲስ ይመርመር፤ ብረቱ ጤነኛ ከሆነ ቤቱን ለማፍረስ በቂ ምክንያት አይታየኝም።